በነሐሴ ጣና ዳር የሚታይ ወፍ አለ ወይ?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል። «ነሐሴ አጋማሽ ላይ ለሥልጠና ከአዲስ አበባ ባህር ዳር እመጣለሁ። ሁለት ጠዋት ነፃ ነኝ። ከጓደኛዬ ባይኖኩላር ተውሻለሁ፤ 10 በ 50 ይላል። ወፍ ግን ከእርግብና ከቁራ ውጪ አላውቅም። የጠየቅሁት ሰው ሁሉ በክረምት ምን አለ፣ ለጥምቀት ነይ ይለኛል። እውነት በነሐሴ የሚታይ ነገር የለም? በሐይቁ ዳር ብቻዬን ብሄድስ? ከየት ልጀምር?»

ነይ። «በክረምት ምን አለ» ያሉሽ ሰዎች የነገሩሽ ግማሹን ነው።

የነሱ ግማሽ ይህ ነው። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ጣና ዙሪያ ያለው ወፍ ጉድ ያሰኛል። ብዙው ግን እንግዳ ነው። አውሮፓና ሩሲያ ሲበርዳቸው ወፉ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ዳክዬው፣ ሽመላው፣ ጭቃ እየጫረ የሚበላው ባለ ረጅም እግር ሁሉ ይመጣል። ፎገራ ሜዳ ላይ ደግሞ ክሬን የሚባሉት ቁመተ ረጃጅም ግራጫ ወፎች በሺዎች ሆነው ይሰፍራሉ። ቀን ከታጨደው ማሳ ላይ ሲለቅሙ ይውላሉ። ማታ ወደ ረግረጉ ሲተሙ ድምፃቸው ከሩቅ ይሰማል። እሱን ለማየት ከሆነ፣ አዎ፣ ነሐሴ አይሆንም። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ይገባሉ፣ የካቲትና መጋቢት ላይ ነቅለው ይሄዳሉ።

ያልነገሩሽ ግማሽ ደግሞ አለ። አገሬው ወፍ የትም አይሄድም። ክረምት ደግሞ ለብዙው የጎጆ፣ የእንቁላልና የጫጩት ጊዜ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዝናብ ሲጥል ሣሩ ይረዝማል፣ ትሉና አንበጣው ይፈላል፣ ሐይቁ እየሞላ ወደ ዳር ይሰፋል። ጫጩት የሚያሳድግ ወፍ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አያገኝም። በበጋ ብዙ ወፍ ሲበላና ሲያርፍ ታያለሽ። በነሐሴ ደግሞ ጥቂት ወፍ ሲሠራ፣ ሲጣላ፣ ሲያባብል፣ ሲመግብ ታያለሽ። ከእርግብና ከቁራ ውጪ ለማታውቅ ሰው ሁለተኛው ይሻላል ባይ ነኝ። ስሙን ባታውቂውም የሚያደርገው ነገር ይገባሻል።

ሌላም ጥቅም አለው። ዳሩ ጭር ይላል። ጀልባው ታስሮ ይውላል፣ ቱሪስት አይታይም፣ ለፎቶ የሚጋፋሽ የለም። ወፉም ሰው ሳይበዛበት ሲቀር ይቀርባል።

አሁን ወደ ምክሩ። ትልቁ ምክሬ ትንሽ ሂጂ፣ ብዙ ቁሚ የሚል ነው። ጀማሪ ሰው ባይኖኩላር ሲይዝ ይሮጣል። ከዛፍ ዛፍ፣ ከወፍ ወፍ። በመጨረሻ አንዱንም በቅጡ ሳያይ ይደክመዋል። አንቺ በሐይቁ ዳር ባለው የእግር መንገድ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ ባትሞዪ ግድ የለም። ጥሩ ቦታ ምረጪና ግማሽ ሰዓት ቁሚ። መጀመሪያ አካባቢው ዝም ይላል፤ ያየሽው ሁሉ ሸሽቷልና። ከዚያ አንድ በአንድ ይመለሳል።

ጥሩ ቦታ የምለው ሦስት ነገር በአንድ ላይ የሚታይበትን ነው። የተከፈተ ውሃ፣ ደንገል ወይም ፊላ፣ እና ትልቅ ዛፍ። ዋርካ ወይም ሾላ ከሆነና ካፈራ በጣም ጥሩ። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ ሐይቅ አይደለም። ጥልቅ የሚባለው ቦታው እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። ዳሩ በብዙ ቦታ በቀስታ ነው የሚወርደው፤ ለዚህም ነው ደንገሉና ረግረጉ ሰፊ የሆነው። ነሐሴ ላይ ውሃው ገና እየጨመረ ነው፤ ጣሪያው ላይ የሚደርሰው መስከረምና ጥቅምት አካባቢ ነው። ስለዚህ ሰው በግንቦት «እዚህ ጋ ይቆማል» ያለሽ ቦታ ውሃ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

አቅጣጫም ዋጋ አለው። ከተማው በሐይቁ ደቡብ ዳር ላይ ነው ያለው። ወደ ውሃው ስትዞሪ ፊትሽ ወደ ሰሜን ነው፤ ፀሐይ በቀኝሽ ትወጣለች። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ከሄድሽ ብርሃኑ ዓይንሽን ይወጋሻል፤ ወፉም ሁሉ ጥቁር ጥላ ሆኖ ይታይሻል። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሂጂ። ፀሐይዋ ከጀርባሽ ትሆናለች፣ ቀለሙ ፍንትው ብሎ ይታያል። ቀላል ነገር ነው፣ ግን ብዙ ሰው ሳያስበው ጠዋቱን ያበላሻል።

ሰዓቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ነው። ዝናቡስ እንዳትዪ። ባህር ዳር ክረምት ላይ ብዙውን ጊዜ የሚያወርደው ከሰዓት በኋላ፣ ማታና ሌሊት ነው። ጠዋት ደመና ይኖራል፣ ጭቃ ይኖራል፣ ዝናቡ ግን ብዙ ቀን ፋታ ይሰጣል። ከያዘሽም አትማረሪ። በረንዳ ሥር ተጠልለሽ ማኪያቶሽን ጠጪና ሲያባራ ቶሎ ውጪ። ዝናብ ካባራ በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት የሚታለፍ አይደለም። ተደብቆ የነበረው ሁሉ ላባውን ለማድረቅ ወደ ቅርንጫፍ ጫፍ ይወጣል። ኮርሞራንት የሚባለው ጥቁሩ ጠላቂ ወፍ ክንፉን ግራና ቀኝ ዘርግቶ ሲቆም ካየሽ፣ እየደረቀ ነው።

እንግዲህ የሚታየውን ልንገርሽ። ከሸማኔ ወፍ ጀምሪ። ጣና ዳር በክረምት ከዚህ የበለጠ ትርኢት የለም።

በዘንባባው ወይም ውሃ ላይ ባዘነበለ ዛፍ ላይ ብዙ ጎጆ ተንጠልጥሎ፣ ጩኸቱ ጆሮ ሲያደነቁር ታገኚዋለሽ። ወንዱ ሰውነቱ ቢጫ፣ ጭንቅላቱ ጥቁር፣ ዓይኑ ቀይ ነው። አንዱን ብቻ ምረጪና እሱን ተከታተዪ። የዘንባባ ቅጠል ጠርዙን በምንቃሩ ይነክስና ይበራል፤ ቅጠሉ በርዝመቱ ይተለተላል። ያንን ክር ይዞ ይመለሳል። በአንድ እግሩ ክሩን ቅርንጫፉ ላይ ይጫናል፣ በምንቃሩ ያሾልካል፣ ይጎትታል፣ ይቋጥራል። መጀመሪያ ቀለበት ይሠራል። ቀለበቱ ውስጥ ቆሞ አንገቱ እስከደረሰለት ድረስ ዙሪያውን ይሸምናል። መግቢያው ወደ ታች ነው የሚከፈተው።

ሲጨርስ ከጎጆው ሥር ተገልብጦ ይንጠለጠልና ክንፉን ያርገበግባል። የክንፉ ውስጠኛ ቢጫ ብልጭ ብልጭ ይላል። ይህ ለሴቷ ነው። እሷ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ቡናማ ናት፤ መጥታ ትገባለች፣ ውስጡን በምንቃሯ ትጎትታለች፣ ትወጣለች። ካልወደደችው ሄደች ነው። አረንጓዴው ጎጆ ነው ተፈላጊው። ቀናት አልፈውት ከደረቀና ቡናማ ከሆነ የሚገባበት አይኖርም። ያን ጊዜ ወንዱ በገዛ ምንቃሩ ያፈርሰውና በዚያው ቦታ ሌላ ይጀምራል። ከዛፉ ሥር መሬቱ ላይ የወደቁ ደረቅ ጎጆዎች ካየሽ ከነዚህ አንዳንዶቹ ናቸው። አንዱን አንስተሽ ቋጠሮውን እዪው። መቀስና መርፌ ይዘሽ እንኳ ብትሞክሪ ይቸግርሻል።

እዚያው አካባቢ «ዲ ዲ ዲ ዲደሪክ» እያለ የሚጮህ ከሰማሽ ወደ ላይ ተመልከቺ። ጀርባው የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ፣ ሆዱ ነጭ የሆነ ትንሽ ወፍ ነው፤ ከኩኩ ወገን። ሴቷ የራሷን ጎጆ አትሠራም። እንቁላሏን በሸማኔ ወፍ ጎጆ ውስጥ ጥላ ትሄዳለች። የሸማኔ ወፏ መከላከያ ያላት እንቁላሏ ላይ ነው። አንዷ ሰማያዊ፣ ሌላዋ ነጭ፣ ሌላዋ ነቁጣ ያለበት ትጥላለች፤ እያንዳንዷ ግን ዕድሜዋን ሙሉ የራሷን ዓይነት አትለውጥም። ስለዚህ የማይመስል እንቁላል ስታገኝ ታውቃለች፣ አውጥታ ትጥለዋለች። ከውጭ ሁካታ ብቻ የሚመስለው ዛፍ ውስጡ የፍርድ ቤት ጣጣ አለበት።

ሁለተኛው ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። ውሃው ላይ የተነጠፈ ቅጠል ባለበት ቦታ፣ ደንገሉ ጠርዝ ላይ፣ ጃካና የሚባል ወፍ ፈልጊ። ሰውነቱ ደማቅ ቡናማ፣ አንገቱ ፊት ለፊት ነጭ፣ ግንባሩ ላይ ሰማያዊ አለው። ጣቶቹ ከሰውነቱ ጋር የማይመጣጠኑ ረጃጅም ናቸው። ክብደቱን በቅጠሉ ላይ ስለሚበትኑለት ውሃ ላይ የሚራመድ ይመስላል።

የዚህ ወፍ ቤት ተገልብጦ ነው የቆመው። ሴቷ ትልቅና ተዋጊ ናት። ከአንድ በላይ ባል ታገባለች፣ እንቁላሏን ትጥልና ለወንዱ ትታ ትሄዳለች። የሚታቀፈው አባት ነው፤ የሚያሳድገውም እሱ። አደጋ ሲመጣ ጫጩቶቹን በክንፉ ሥር ሰብስቦ ይነሳና ይራመዳል። ያን ጊዜ አንድ ወፍ ሆኖ ብዙ እግር ያለው ፍጡር ነው የምታዪው፤ የጫጩቶቹ ቀጫጭን እግሮች ከክንፉ ሥር ተንጠልጥለው ይታያሉ። ነሐሴ ላይ በርግጠኝነት ታያለሽ አልልሽም። ዕድሉ ግን በበጋ ከሚኖርሽ ይሻላል፤ ያየው ሰው ደግሞ በቀላሉ አይረሳውም።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ሆኖ፣ ከውሃው በላይ አየር ላይ ቆሞ ክንፉን እያርገበገበ፣ ከዚያ በአፍጢሙ የሚወረወረው ዓሣ አጥማጅ ወፍ ነው። ደረቱን እዪ፤ ሁለት ጥቁር መቀነት ካለው ወንድ፣ መሃሉ የተቆረጠ አንድ ብቻ ካለው ሴት። ጭንቅላቱና ደረቱ ነጭ፣ ሆዱ ቡናማ ሆኖ ከትልቅ ዛፍ ጫፍ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ የሚጮኸው የዓሣ ንስር ነው። ድምፁን አንዴ ከሰማሽ ሌላ ጊዜ ሳታዪውም ታውቂዋለሽ። ዓሣ አስጋሪዎች ዓሣ በሚያርዱበት ቦታ ሆድ ዕቃ ሲጣል ምንቃሩ ሥር ከረጢት ያለው ፔሊካንና አባ ኮዳ የሚባለው ራሰ በራ ትልቅ ወፍ ተጋፍተው ይጠብቃሉ። ሽታው ይከብዳል፣ ግን ፔሊካንን ከዚህ ይበልጥ በቅርብ አታገኚውም።

ሙሉ በሙሉ ቡናማ የሆነ፣ ጭንቅላቱ ከኋላ ሾጠጥ ያለ፣ ስንፍና የተጫነው የሚመስል ወፍ ዳሩን ሲያዘግም ታያለሽ። ሀመርኮፕ ይባላል። ስንፍናውን አትመኚ። ዛፍ ባላ ላይ የጭራሮ ክምር ካየሽ ቤቱ ነው። ወርዱ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል፣ በሺዎች የሚቆጠር ጭራሮ ይፈጃል፣ መግቢያው በጭቃ የተመረገ ነው። ሌሎች ወፎች ሲተወው ይወርሱታል፤ አንዳንዴም ሳይተወው።

ሣሩ በረዘመበት ቦታ እሳት የመሰለ ቀይና ጥቁር ሆኖ ላባውን ነፍቶ የሚዞር ትንሽ ወፍ ካየሽ የነሐሴ ስጦታ ነው። ያው ወፍ በጥር ቀይ ልብሱን አውልቆ ተራ ድንቢጥ ይመስላል። ለጥምቀት የመጣ ሰው አጠገቡ ቆሞም አያውቀውም።

ዛፉ ላይ ደግሞ ቱራኮ አለች። አረንጓዴ ናት፣ ጉንጯ ላይ ነጭ አለ፤ ቅርንጫፉ ላይ እንደ ሽኮኮ ትሮጣለች። ስትበር ብቻ ክንፏ ደማቅ ቀይ ይሆናል። የቀዩ ቀለም ንጥረ ነገር ውስጡ መዳብ አለበት። የሾላ ፍሬ ካለ አትርቅም። አረንጓዴ ትናንሽ በቀቀኖች ሲንጫጩ ካገኘሽም ቁሚ። ጥቁር ክንፍ ያላቸው ናቸው፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጪ በዱር አይገኙም። ግንባሩ ቀይ የሆነው ወንዱ ነው።

ነሐሴ እያለቀ ሲሄድ አንድ ሁለት እንግዳም ልታገኚ ትችያለሽ። ድንጋይ ላይ ቆማ ጭራዋን ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ የምታደርግ፣ ጀርባዋ ቡናማ ሆዷ ነጭ ትንሽ ወፍ ከአውሮፓ በኩል ቀድማ የገባች ናት። ብዛቱ ግን ከእንቁጣጣሽ በኋላ ነው።

ስለ ባይኖኩላሩ። 10 በ 50 ማለት አሥር እጥፍ ያቀርባል፣ የፊት መስታወቱ ስፋት 50 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ለደመና ጠዋት ብርሃን በደንብ ያስገባል። ጣጣው ክብደቱና መንቀጥቀጡ ነው። አሥር እጥፍ ሲያቀርብ የእጅሽንም መንቀጥቀጥ አሥር እጥፍ ያደርገዋል። ክርንሽን ጎንሽ ላይ አስደግፊ፣ ወይም ዛፍ ተደገፊ። ለራስሽ ስትገዢ 8 በ 42 ይሻልሻል።

ከመምጣትሽ በፊት ቤት ውስጥ አስተካክዪው። የቀኙን መስታወት በእጅሽ ሸፍኚና በግራ ዓይንሽ አንድ ጽሑፍ እያየሽ የመሃሉን ጎማ አዙሪ እስኪጠራ። ከዚያ የግራውን ሸፍኚ፤ አሁን የመሃሉን ሳትነኪ በቀኙ ዓይን ማያ ላይ ያለችውን ትንሽ ቀለበት አዙሪ። አበቃ። ከዚያ በኋላ የመሃሉ ጎማ ብቻ ይበቃሻል። ብዙ ሰው ይህን ሳያደርግ «ያዞረኛል» ብሎ ያስቀምጠዋል። ወፍ ስታዪ ደግሞ ዓይንሽን ከወፉ ሳትነቅዪ ባይኖኩላሩን ወደ ዓይንሽ አምጪው። ዝቅ ብለሽ ባይኖኩላሩን አይተሽ ቀና ካልሽ ወፉን አታገኚውም።

ስልክሽ ላይ መርሊን የሚባለውን ነፃ መተግበሪያ አዲስ አበባ እያለሽ ዋይፋይ ላይ ጫኚ፤ የአካባቢውን ወፎች ጥቅልም አውርጂ። በፎቶና በቀለም ስም ለማግኘት ጥሩ ነው። ድምፅ ሰምቶ የሚለይበትን ክፍል ግን በእኛ ወፎች ላይ ብዙ አትመኚው። አንድ ነገር አደራ። የወፍ ድምፅ ከስልክ አታጫውቺ። በዚህ ወቅት ጎጆ ያለው ወፍ ሌላ ባላንጣ የመጣ መስሎት እንቁላሉን ትቶ ይወጣል። ጎጆም ካገኘሽ አትጠጊ፤ ቁራው አንቺን እየተከተለ ነው የሚያየው።

ብቻዬን ልሂድ ወይ ላልሽው፣ ከተማው ውስጥ ባለው የሐይቅ ዳር መንገድ፣ ሲነጋና ሰው ስፖርት መሥራት ሲጀምር፣ ችግር የለውም ባይ ነኝ። ከዚያ ውጪ ግን ብቻሽን አትሂጂ። በተለይ ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት በኩል በጨለማ አትሂጂ። ጉማሬ አለ። ሌሊት ሣር ሊግጥ ይወጣል፣ ንጋት ላይ ወደ ውሃው ይመለሳል። በእሱና በውሃው መካከል መቆም ማለት መንገዱን መዝጋት ማለት ነው፤ ጉማሬ ደግሞ ዞር በይልኝ አይልም። ሙሉ በሙሉ ከነጋ በኋላ፣ አካባቢውን ከሚያውቅ ሰው ጋር ሂጂ። ከከተማ መውጣት ካሰብሽ ደግሞ የሰሞኑን የመንገድ ሁኔታ ያረፍሽበት ቦታ ጠይቂ። ድልድይና ጥበቃ ያለበት ቦታ ላይ ባይኖኩላር አትደግኚ። ወፍ እያየሁ ነው ብትዪ ለማስረዳት ጠዋትሽ ያልቃል።

ውሃው ውስጥ በባዶ እግር አትግቢ፤ ቢልሃርዝያ አለ። በሽታውን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ያለው ረጋ ባለውና ሣር ባለበት ዳር ነው፣ ማለትም ወፍ ለማየት መግባት በሚያምርሽ ቦታ። ቦቲ ጫማ ካለሽ ያዢ። ለወባ ትንኝ የሚቀባ ነገር ያዢ፣ ማታም አጎበር ውስጥ ተኚ። ልብስሽ ከቀይና ከነጭ ይልቅ አፈርማ ወይም አረንጓዴ ቢሆን ይመረጣል።

ነሐሴ አጋማሽ ፍልሰታ ነው። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢዎች ያረጁ ዛፎች ስላሏቸው ወፉ እዚያ ይበዛል፤ ግን ግቢው ከሌሊት ጀምሮ ምእመን አያጣም። መግባት ከፈለግሽ ነጠላሽን ልበሺ፣ ባይኖኩላሩን ከቦርሳ አታውጪ። ወጥተሽ ከአጥሩ ውጪ ቆመሽ ብታዪ ያው ዛፍ ነው።

ልጆች ይሰበሰቡብሻል። ወፉን «ላስነሣልሽ» ብለው ድንጋይ ያነሣሉ፤ ቱሪስት የሚበር ወፍ ፎቶ ይወዳል ብለው ነው። አታባርሪያቸው። ባይኖኩላሩን በየተራ ስጫቸው፣ ገመዱን አንገታቸው ላይ አድርገሽ። ከዚያ በኋላ ጎጆ የት እንዳለ የሚነግሩሽ እነሱ ናቸው።

አስጎብኚ ከፈለግሽ ክረምት ላይ ሥራ የፈታ ብዙ አለ። ሁሉም ግን ወፍ አያውቅም፤ ብዙዎቹ የገዳማት አስጎብኚዎች ናቸው። አንድ ጥያቄ ጠይቂው፤ ዘንድሮ ሸማኔ ወፍ የት ዛፍ ላይ ነው የሠራው? ቆም ብሎ ቦታ ከጠራልሽ ያዢው። «ሁሉም ቦታ አለ» ካለሽ አመስግነሽ እለፊ።

ሁለተኛውን ጠዋት በጀልባ አድርጊው። ፎገራን ለሌላ ጊዜ ተዪው። እስከ ፎገራዋ ከተማ ወረታ ድረስ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሜዳው በነሐሴ ውሃ ይተኛበታል፣ የምትፈልጊው ክሬንም ገና አልመጣም። ሁለት ምርጫ አለሽ። አንደኛው የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ነው። ዘጌ ከጥንት ጀምሮ በሬ ጠምዶ ማረስ ክልክል ነው፤ አቡነ በትረ ማርያም የደነገጉት ነው ይባላል። ስለዚህ ጫካው ተረፈ፣ ቡናውም በጥላው ሥር ይበቅላል። ቱራኮና ምንቃሩ ላይ ትልቅ ቀንድ የተሸከመው ጥቁርና ነጭ ሆርንቢል እዚያ ይቀናሻል። ሆርንቢል በላይሽ ሲያልፍ የክንፉን ፉጨት ትሰሚያለሽ። ሴቷ ስትታቀፍ የዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ገብታ በሩን በጭቃ ትደፍነዋለች፤ ወንዱ በቀረችው ስንጥቅ ይመግባታል። ግን የዘጌ መንገድ በነሐሴ ያንሸራትታል፣ ጀልባውም ረዘም ይላል።

ሌላው የደብረ ማርያም ደሴት ነው። ቅርብ ነው፣ የዓባይ መውጫ አጠገብ። እኔ ብሆን ይህን እመርጣለሁ። ደሴቱ ራሱ ሳይሆን በመንገድ ያለው ደንገል ነው ዋናው። ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ማለት ነው። በጠርዙ ዝግ ብሎ መሄድ ከየብስ የማይታየውን ሁሉ ያሳይሻል። ጃካናውንም የማገኘው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው።

እግረ መንገድሽን እምቦጭ የተባለውን መጤ የውሃ አረም ታዪ ይሆናል። ሐይቁ ላይ መጀመሪያ የታየው በፈረንጆቹ 2011 ነው፤ ክፉኛ ያጠቃው የሰሜን ምሥራቁን ዳር፣ ደምቢያና ፎገራ በኩል ነው። ጣና በፈረንጆቹ 2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት ተመዝግቧል፤ እምቦጩ ግን መዝገብ አያነብም። ወፎቹ ላይ ያለው ነገር ግን እንደሚወራው ቀጥተኛ አይደለም። ጃካና ቅጠሉ ላይ ይሄድበታል፣ አይጠላውም። ዓሣ አጥማጁ ወፍ ግን ከላይ ሆኖ ውሃውን ማየት አለበት። ውሃው ሲሸፈን ማደኛው ተዘጋ ማለት ነው።

ጀልባውን ማታውኑ ተነጋገሪ። ዋጋውን ጨርሺ፣ ሰዓቱን 12 ሰዓት ተኩል በዪው፣ የሕይወት ጃኬት መኖሩን በዓይንሽ እዪ። ከሰዓት ሐይቁ ላይ ነፋስ ይነሳል፣ ማዕበሉ ትንሽ ጀልባ ያስቸግራል፤ ስለዚህ ከቀትር በፊት ተመለሺ። ባለ ጀልባው ሰዓት ቆጥቦ መመለስ ስለሚፈልግ ይቸኩላል። ደንገሉ ጋ ከመድረሱ በፊት ሞተሩን አጥፍቶ በመቅዘፊያ እንዲጠጋ ዋጋው ውስጥ አስገቢለት።